ከትልቁ ጎታ ጀርባ

ባለፈው ጥር ለአጎቴ ልጅ ሠርግ አገር ቤት ገብቼ ጓሮ ለጓሮ ስዞር አንድ አሮጌ ጎታ አገኘሁ። እህል የሚቀመጥበት የጭቃ ጎታ፤ ሴቶቻችን አፈር፣ ጭድና እበት አቡክተው ዙር በዙር እየደራረቡ የሚያቆሙት። አሁን በቦታው ሰማያዊ የላስቲክ በርሜል ገብቶ፣ እሱ ከአጥር ሥር ተጋድሞ ዶሮ ታቅፋበታለች። ዶሮዋ ለጥሬ ብቅ ስትል ጊዜ አላጠፋሁም፤ ጭንቅላቴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ምን ጠፋሽ?» አለችኝ የአጎቴ ሚስት፣ በእጇ የያዘችውን ሣር ሳታስቀምጥ።

ምን ልበላት? የጠፋኝ ነገር የለም። ሽታውን ነው የፈለግሁት። የደረቀ ጭቃ፣ የገብስ አቧራ፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት ከእህሉ ጋር የሚነሰነስ አመድ። አሽትቼ አሽትቼ በመጨረሻ አስነጠሰኝ። «ይማርሽ! የከተማ ሰው ጉዱ አያልቅም» ብላ እየሳቀች ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ እማየ ቤት ያልነበረችበትን ክረምት አሰብሁ።

ሰማንያዎቹ አልቀው ዘጠናዎቹ የገቡበት ሰሞን ነው። አስር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ከብርዱ የተነሳ ከገብስ ሌላ እህል እሺ የማይል ደጋ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ኽምጣና የሚባለውን አገውኛችንን፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ደግሞ አማርኛ እናወራለን፤ እኔ በሁለቱም ጠያቂ ነበርሁ። አያቴ «ይህች ልጅ ስትወለድ ያለቀሰችው ‹ለምን?› እያለች ነው» ትለኝ ነበር።

ቤታችን ክብ ነው። ትልቁ ጎታ መሃል ላይ ቆሞ ለሁለት ይከፍለዋል። ከጎታው ወዲህ መደቡ፣ እንግዳውና አባየ። ከጎታው ወዲያ ጓዳው፦ ወፍጮው፣ እንስራው፣ እማየና እኔ። አባየ ከጎታው ወዲያ አልፎ አያውቅም። ውሃ ሲጠማው፣ እጁን ቢዘረጋ እንስራውን የሚነካው ሰውዬ፣ «ውሃ!» ብሎ ይጣራል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅሁት።

«አባየ፣ ጓዳ ለምን አትገባም?»

«ወንድ ልጅ ጓዳ ከገባ ጢሙ ይረግፋል» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ደግሞ አመንሁት። የመንደሩን ወንድ ሁሉ ጢም ስመረምር ከረምሁ። የነፍስ አባታችን ጢም እስከ ደረታቸው ነው፤ እሳቸው መቼም የጓዳን በር አያውቁትም። በሬ እየገዛ የሚነግደው አያ ፈንታ ጢሙ ሳሳ ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ ይገባል ማለት ነው። መምህራችን ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ላጤ ነው፤ ወጡን ራሱ ይሠራል፣ ሽንኩርት ሲከትፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አገጩም እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ!

ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበር። እማየ የሚፈጭ እህል ስታወጣ ከትልቁ ጎታ ግርጌ ያለውን ውታፍ ትነቅላለች፤ ገብሱ ሽርር ብሎ ሰፌዱ ላይ ይወርዳል። ውታፉን መልሳ ትወትፍና ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ታነሳለች። ያንን እፍኝ ይዛ እጇን ከጎታው ጀርባ፣ የላም ቆዳ ወደተጣለበት ጨለማ ጥግ ትሰዳለች። እጇ ባዶውን ይመለሳል። እህል ባወጣች ቁጥር እንዲሁ ነው።

«እማየ፣ ለማን ነው የምትሰጭው?»

«ቤት ለሚጠብቀው። ዝም በይ አሁን።»

ቤት የሚጠብቅ ማን ነው? ውሻችን ውጭ ነው የሚያድረው፤ ጥሬ ገብስም አይበላም። ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ መልአክ መሆን አለበት አልሁ። መልአክ ጥርስ አለው ወይ የሚለው ብዙ አስቸገረኝ። ጥሬ ገብስ እንደሚያስጠማ ስለማውቅ ግን አንድ ማታ ውሃ በቅል ቀድቼ ቆዳው አጠገብ አስቀመጥሁለት። ጠዋት ጎድሎ አገኘሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! አይጥ ይሁን ድመት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ያለጊዜው ቆሞ ምርቱ ግማሽ ሆኖ ነበር የገባው። ሰኔ ላይ ደግሞ ከአምደወርቅ መልእክት መጣ፤ የእማየ እናት ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ከእማየ ሌላ ሴት ልጅ የላቸውም። እማየ በሶዋን ቋጠረችና፣ ከመውጣቷ በፊት እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። ቆዳውን ገለጠችው።

ከትልቁ ጎታ ጀርባ ሌላ ትንሽ ጎታ አለ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ነው፤ አፉ በጭቃ ተመርጓል። ከጎኑ የእማየ እፍኝ የምታልፍበት ያህል ቀዳዳ አለችው፣ በጨርቅ የተወተፈች።

«ይኸውልሽ ቤት ጠባቂው» አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና ቅር አለኝ። ክንፍ ነበር የጠበቅሁት።

«ስሚኝ» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባትሽ ደግ ሰው ነው። ደግነቱን እኔም እወድለታለሁ። ግን ደግ ሰው ዓይኑ ያየውን እህል አይሰስትም። አምና ለወንድሙ ተዝካር ‹አውጭ› አለኝ፣ አወጣሁ። ለእህቱ ልጅ ሠርግ ‹አውጭ› አለኝ፣ አወጣሁ። ሴት ምን ትላለች? ትልቁ ጎታ የሱ ነው። ይህ ግን የነሐሴ ነው። አዲስ እህል ሳይደርስ አሮጌው ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ ነው የሚከፈተው። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ከጠየቀኝስ?»

«ምን ብሎ ይጠይቅሻል? የማያውቁት ነገር አይጠየቅም።»

ለሳምንት ብላ ሄደች። እሷ ስትሄድ ክረምቱ ገባ፤ በመሃላችን ያለው ወንዝ ሞላና እማየ ከወዲያ ቀረች። ቤቱ ለእኔ፣ ለአባየና ገና አራት ዓመት ላልሞላው ለታናሽ ወንድሜ ለታደለ ቀረ።

ያን ሰሞን የጋገርሁትን ቂጣ ያየ ሰው ያዝንልኛል። ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ሊጥ። አባየ ከመደቡ ላይ ሆኖ ይቀበለኝና «ጥሩዬ፣ እጅሽ ይባረክ» እያለ ያኝካል፣ ያኝካል፣ ያኝካል። ምን ያድርግ? ገብቶ አይጋግር! ወፍጮውን የምታግዘኝ ጎረቤታችን እትየ ዝማም ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጆቿ ገና ናቸው። ሴት ሞፈር ስለማትይዝ መሬቷን የሚያርስላት አባየ ነው። የእኩል አራሽ ብትቀጥር ግማሹን ይወስድባታል፤ አባየ ግን «ለነፍሴ ነው» ብሎ ገለባዋን እንኳ አይነካም።

አባየ ጓዳ አይገባም፣ ጎታ ውስጥም እጁን አይሰድም፤ ጎታ የሚበረብር ወንድ በመንደሩ መሳቂያ ነው። ታዲያ እህሉ የት እንደደረሰ የሚያውቅበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ምሽት ላይ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ያቀናል።

«አንቺ ጥሩ፣ ምቺው እስቲ።»

እኔ ከጓዳ ሆኜ ትልቁን ጎታ ከታች ወደ ላይ በጣቴ አንጓ እመታለሁ። እህል ያለበት ድም ድም ይላል። ባዶው ኮ ኮ ይላል። ድምፁ የሚቀየርበትን ቦታ ሲሰማ «በቃ» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ የሚቀየረው ወገቤ ላይ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ወረደ። ጨዋታው ደስ ይለኝ ስለነበር መውረዱ ምን ማለት እንደሆነ ልብ አላልሁትም። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ምሽት ጎንበስ ብዬ ከመሬቱ ጀምሬ መታሁት። ኮ አለ። ከፍ አልሁ። ኮ። አባየ «በቃ» አላለኝም።

በማግስቱ እትየ ዝማም ልትፈጭልኝ ስትመጣ በር ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ቦራን ልሸጠው ነው» አላት። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው በሬያችን ነው፤ ከዳልቻ ጋር የሚጠመደው። «ፈንታ ነገ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል።»

«በክረምት? በሬ እንደ ፍየል በሚረክስበት ጊዜ? አንተ ገብሬ፣ ጤናም የለህ?»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ዝማም። ጎታው አለቀ። ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«ከርሞስ? በአንድ በሬ ልታርስ ነው?»

«የሚያቀናጀኝ ሰው አይጠፋም።»

«አይጠፋም። መጀመሪያ የራሱን አርሶ፣ ሲበቃው ላንተ ያውሳል። እስከዚያ ወሩ ያልፋል። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ እዚህ አገር ውርጭ እንደሚበላው አጥተኸው ነው? ያን ጊዜ ደግሞ ዳልቻን ትሸጣለህ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «የኔንስ መሬት ማን ያርስልኛል?»

እሷም ሳትፈጭ ተመለሰች።

እኔ ጎታው ሥር ቁጭ አልሁ። ከጀርባዬ፣ ቆዳው ሥር፣ ቦራን የሚያድን እህል አለ። ብናገር አባየ ጉድ ይላል፣ እማየን ይቀየማል፣ ሚስጥሯ ለዘላለም ይጠፋል። ባልናገር ቦራ ነገ በገመድ ተስቦ ይሄዳል። የእማየን ቃል እንደ ዳዊት እየደጋገምሁ አሰብሁት። ስመረምረው ስመረምረው አንድ ነገር ታየኝ። እማየ «አትንገሪው» አለችኝ እንጂ «አታዛውሪው» አላለችኝም!

አባየ ወደ ማሳ ሲወርድ ጨርቁን ነቀልሁ። እጄን በቀዳዳው እየሰደድሁ፣ ገብሱን በእፍኝ ወደ ቅል እየሞላሁ፣ የወፍጮው መደብ ላይ እየወጣሁ፣ በትልቁ ጎታ አፍ አፈሰስሁት። አቧራውና አመዱ ዓይኔን አጠፋው። መውጣት፣ መውረድ፣ መውጣት፣ መውረድ። ታደለ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ያየኛል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጎታውን እያበላሁት ነው። ርቦት ነበር።»

እህ አለ፤ አልገረመውም። አባየ ሲመለስ ግን ገና ከበሩ ሳይገባ «ጥሩ ጎታውን አበላችው!» ብሎ ጮኸ። ሮጬ ቆዳው ፊት ቆምሁ። አባየ ግን ሳቀና አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠው።

ማታ፣ ቂጣችንን በልተን ስናበቃ፣ ማስመታቱ ቀረ ብዬ ስፈራ፣ «እስቲ ለመጨረሻ ምቺው» አለኝ። መታሁት። ድም። ከፍ አልሁ። ድም። እስከ ጉልበቴ ድም፣ ድም። አባየ ከመደቡ ብድግ ሲል ሰማሁት።

«ደግመሽ ምቺ።»

ደገምሁ።

«በደንብ ምቺ! በጡጫ!»

በጡጫ መታሁ። ድም!

አንገቴን አውጥቼ ባየው እጁ ግንባሩ ላይ ነው፤ ያማትባል። «ወይ ቅዱስ ሚካኤል! ወይ ያንተ ሥራ!» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንዲህ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም። እህል ተገኘ ብሎ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር እንጂ ተአምር ይላል ብዬ እኔ በምን አውቃለሁ? ታደለ ደግሞ «አልሁህ እኮ! በላ!» ይላል።

አያ ፈንታ በማግስቱ ገመዱን ይዞ መጣ። አባየ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበለው።

«በሬው አይሸጥም። ሚካኤል ጎታዬን ጎብኝቶታል።»

«ምን? እኔ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት...»

«ጥሩ! ምቺለት!»

መታሁለት። አያ ፈንታ ያችን ሳሳ ያለች ጢሙን እያሻሸ ወደ ጎታው አየ፣ ወደ አባየ አየ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ቦራ ደጁ ላይ ሣሩን እያመነዠከ ነበር። ሄጄ አንገቱን አቀፍሁት።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አባየ ደስታውን አፍኖ የሚይዝ ሰው ነው እንዴ? በሦስተኛው ቀን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ወንዶቹ ምሽት ምሽት መደቡ ላይ ይሰበሰባሉ፤ «ጥሩ፣ ምቺ!» ይባላል፤ እመታለሁ፤ ከንፈር ይመጠጣል። የነፍስ አባታችን መጥተው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገብሬ» አሉት፣ «በረከት የገባበት ቤት ዝም ይላል እንጂ አያወራም።»

አባየ ግን አልሰማቸውም። ይባስ ብሎ «ለበረከት የሚሆን እፍኝ የፈለገች ሴት ትምጣና ትውሰድ፤ ከጎታዋ ትቀላቅለው» ብሎ ለሰው ሁሉ ተናገረ። በአገራችን እንዲህ ያለው ልማድ አለ፤ ከተባረከ እህል እፍኝ ወስዶ ከራስ እህል መደባለቅ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ማልቀስ አማረኝ። እማየ ያለችው ይኸው ደረሰ። ነሐሴ ገና አሁን መግባቱ ነው፤ መንደሩ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ከወሰደ ለእኛ ምን ሊተርፍ? እህሉ ካለቀ ደግሞ አያ ፈንታ ገመዱን ይዞ መመለሱ ነው።

የመጀመሪያዋ እትየ ዝማም ናት። ሙዳይዋን ከነጠላዋ ሥር ይዛ፣ ወንዶቹን ሰላም ብላ፣ ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች። እኔ ፊቴን አኮሳትሬ ውታፉን ልነቅል ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይ።»

የሙዳይዋን ክዳን ከፈተች። ባዶ ይሆናል ያልሁት ሙዳይ በገብስ ሙሉ ነው። የወፍጮው መደብ ላይ ወጣችና በጎታው አፍ ገለበጠችው።

«እትየ! ለመውሰድ አይደል እንዴ የመጡት?»

«ዝም በይ፣ ወንዶቹ ይሰማሉ።» ወርዳ እጇን አራገፈችና ያለ ምንም ማመንታት ቆዳውን ገለጠችው። ትንሹን ጎታ በጣቷ መታ አደረገችው። ኮ አለ። «እንዳልሁት ነው። ገልብጠሽዋል።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔም ቤት አለ።»

«እርስዎም ቤት?»

«የሌለበት ቤት የት አለና? ሞኝ። ባል የሞተባት ሴት ከማን ትደብቃለች ትይኝ ይሆናል፤ እኔ የምደብቀው ከራሴ ነው።» ሙዳይዋን ዘጋች። «አምና ልጄ ሲታመም እናትሽ ከዚህ ቀድታ ሰጥታኛለች። ዘንድሮ ደግሞ ቦራ ካልቆመ እኔም አልቆምም። አሁን የሚመጡትን ሴቶች ዝም ብለሽ ተቀበያቸው። አትጠይቂ።»

አትጠይቂ! ለኔ! ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁሉ በዓይኔ ጠየቅኋቸው። አንዷ ሙዳይ፣ አንዷ ቅል፣ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። በወንዶቹ ፊት «እስቲ ከበረከቱ ይድረሰኝ» ብላ አጎንብሳ ታልፋለች፤ ጓዳ ስትገባ ቋጠሮዋን ፈታ ትገለብጣለች። ብዙ አይደለም፤ በነሐሴ ማን ብዙ አለው? አንዷ ገብስ፣ አንዷ ባቄላ። ዘመዶቿ ቆላ፣ ወደ ጽጽቃ በኩል የሆኑት ሴትዮ ቀይ ማሽላ፣ ዘንጋዳ የምንለውን ይዛ መጣች። የነፍስ አባታችን ሚስት እንኳ መጡ፤ ያውም ስንዴ ይዘው። እሳቸው ሲወጡ አባየ ከመደቡ ተነስቶ «እማማ፣ ደረሰዎ?» አላቸው። «ደረሰኝ፣ ተመስገን» አሉት፤ ባዶውን ቅል ከነጠላቸው ሥር ይዘው።

እኔ ያን ሰሞን በሰው ቤት ዓይኔ ማረፊያ አጣ። የተላክሁበት ቤት ሁሉ ስገባ ከትልቁ ጎታ ጀርባ አያለሁ። ቆዳ የተጣለበት ጥግ፣ የተከመረ ቅርጫት፣ አሮጌ ሰሌን። እዚህም አለ፣ እዚያም አለ! ወንዶቹ ደግሞ ከወዲህ መደቡ ላይ ተቀምጠው ስለ እህል ያወራሉ፤ ይህን ያህል ቀረን፣ ይህን ያህል አለቀብን ይላሉ። ሳቄን ለማፈን ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ።

ነሐሴ አጋማሹን አልፎ አንድ ቀን የጋገርሁት ቂጣ መልኩ ቀላ አለ። ዘንጋዳው ወደ ውታፉ ደርሶ ኖሯል፤ እኔ የቀለሙን ነገር ልብ አላልሁትም፤ አለማረሩ ብቻ ደስ ብሎኝ በኩራት አቀረብሁ። አባየ ቆረሰው። ወደ በሩ ብርሃን አዞረና አየው። ገለበጠው፣ አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው ጥሩዬ?»

«ቂጣ።»

«ቂጣስ ቂጣ ነው።»

ወደ አፉ ከተተው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ አኘከ። እኔ የሚጸልይ መስሎኝ ዝም አልሁት። ገበሬ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ዘንጋዳ ዘርቶ አያውቅም፤ ይህ ደጋ ዘንጋዳ እንደማያበቅል ደግሞ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ እኔ ይህ ሁሉ የት ይገባኛል! «ይጣፍጣል» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። በማግስቱ ወንዶቹ ሲሰበሰቡ «እስቲ ጎታውን አስመታልን» ቢሉት «ተዉት፣ ልጅቱ እጇ ዛለ» አላቸው። ተአምሩ ሰለቸው አልሁ በልቤ። እንዲያውም ትንሽ ተቀየምሁት፤ መምታቱን ለምጄው ነበር።

እማየ ገብሱ ሲያሸት መጣች። ወንዙ ጎድሎላት፣ እናቷን በምርኩዝ አቁማ፣ ራሷም ከስታ። ታደለ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ «ጎታው በላ! ጎታው በላ!» ይላታል። አባየ በሬውን ማሰር እንኳ ሳይጨርስ ስለ ሚካኤል ተአምር ተረከላት፤ አንድም ነገር አላስቀረ። እማየ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ጓዳ ገባች።

ወዲያው ቆዳውን ገለጠች። በቀዳዳው እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ባዶ። ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ አልነገርሁትም!» አልኋት ቶሎ ብዬ። ከዚያ ሁሉንም በጆሮዋ አንሾካሸክሁላት፤ ቦራን፣ ገመዱን፣ እትየ ዝማምን፣ የነፍስ አባታችንን ሚስት። የቄስ ሚስት ጋ ስደርስ እማየ አልቻለችም፤ ወፍጮው ላይ ተደፍታ፣ ድምጿ እንዳይወጣ ነጠላዋን ነክሳ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ስትነሳ ዓይኗ እርጥብ ነበር። አቀፈችኝ፤ የመንገድ አቧራ ትሸት ነበር። ማታውን እያንዳንዷን ሴት ምን እንዳመጣች እንደገና አስጠራችኝ፤ «እሷም? አይ የኔ እናት!» እያለች።

ኅዳር ላይ ቦራና ዳልቻ ገብሱን አበራዩት። ያን ዓመት እህሉ ደህና ነበር። አባየ ከአውድማ እየተሸከመ ጆንያውን እስከ ጓዳው አፍ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የእማየ ነው። እሷ እየተቀበለች ትልቁ ጎታ ውስጥ ትገለብጣለች፤ እኔ አመዱን እነሰንሳለሁ። ሲመሽ የመጨረሻውን ጆንያ አመጣ። እማየ እጇን ስትዘረጋ ግን አላቀበላትም። መሬት ላይ አቆመውና እላዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ይህን ትልቁ ውስጥ አትጨምሪው» አላት።

«ታዲያ የት ላድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ? የምታውቂበት ቦታ አስቀምጭው።»

እኔ አመዱን እንደጨበጥሁ ቀረሁ። አባየ ወደ ጓዳው አላየም፤ ወደ ውጭ፣ ወደ በሬዎቹ እያየ ነበር የሚናገረው።

«ዘንጋዳውን ያመጣችውን ሴት አመስግኝልኝ» አለ። «ደግሞ ይህን እህል ሰው ሲሞትብኝ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ፣ ‹አውጭው› ብዬ ብለምንሽም፣ እግርሽ ላይ ብወድቅም፣ የት እንዳለ እንዳታሳይኝ።»

«እሺ» አለችው እማየ።

ተነሳና አቧራውን አራግፎ ወጣ።